የካርድ ጨዋታ ልትጀምሩ ነው? እነዚህን ስህተቶች አስወግዱ

ማጂክ፣ ፖክሞን ወይም ዩ-ጊ-ኦ የሚባሉትን የካርድ ጨዋታዎች ለዓመታት ከዳር ሆነው የሚያዩ ብዙ ሰዎች አሉ። ካርዶቹ ያምራሉ። ተጫዋቾቹ ይከራከራሉ፣ ይስቃሉ። ሕጉ ግን ከሩቅ ሲያዩት ያስፈራል። በመጨረሻ ቆርጠው ሲነሱ ደግሞ ያ ሁሉ ጉጉት በአንዴ ይገነፍልና ገንዘቡም ጊዜውም ወደማይሆን ቦታ ይሄዳል። ይህ ጨዋታ የሚለመደው ከሰው ጋር ተቀምጦ በመጫወት ነው። ከታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ያንን ቀን የሚያዘገዩ ወይም የሚያበላሹ ናቸው።

ሕጉን ሁሉ አውቄ ልጀምር ማለት

የማጂክ ሙሉ የሕግ ሰነድ ከ200 ገጽ በላይ ነው። ለዓመታት የተጫወቱ ሰዎችም በቃላቸው አያውቁትም። ትልልቅ ውድድሮች ላይ ዳኛ የሚኖረውም አንዱ ለዚህ ነው። ለመጀመር የሚያስፈልጋችሁ የአንድ ተራ ቅደም ተከተል ነው፦ ካርድ መሳብ፣ ካርድ ማውጣት፣ ማጥቃት፣ ተራውን ማስረከብ። የቀረው አብዛኛው ካርዱ ላይ ተጽፏል።

የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ሁለታችሁም ካርዳችሁን ገልጣችሁ ተጫወቱ። የሚያስተምራችሁ ሰው «ይቺን አሁን አታውጣ፣ አቆያት» ሲል ምክንያቱ ፊት ለፊታችሁ ተዘርግቶ ይታያል። እንዲህ የተጫወታችሁት አንድ ሰዓት ከስንትና ስንት ቪዲዮ ይበልጣል።

ተጋጣሚ ሳይኖር ጨዋታ መምረጥ

መጀመሪያ አብሯችሁ የሚጫወት ሰው ምን እንደሚጫወት እወቁ። ሦስቱ ጨዋታዎች ጠባያቸው የተለያየ ነው። በማጂክ በ20 የሕይወት ነጥብ ትጀምራላችሁ፤ አቅማችሁም ተራ በተራ ይገነባል፣ ምክንያቱም በአንድ ተራ በመደበኛነት የሚወጣው የመሬት ካርድ (ሌሎቹን ካርዶች ለማውጣት አቅም የሚሰጣችሁ ካርድ) አንድ ብቻ ነው። በፖክሞን ዋናው የማሸነፊያ መንገድ 6 የሽልማት ካርዶቻችሁን (የተጋጣሚን ፖክሞን ስታሸንፉ የምታነሷቸውን) ቀድማችሁ መውሰድ ነው። በዩ-ጊ-ኦ 8000 ነጥብ አላችሁ፤ እንደ መሬት ቀስ ብሎ የሚገነባ ነገር ስለሌለ ገና በመጀመሪያው ተራ ብዙ ነገር ይሆናል።

የማጂክ «ኮማንደር» የሚባለው አጨዋወት በጣም ተወዳጅ ነው። በ100 ካርድ፣ በ40 ነጥብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ሰው ይጫወቱታል። ድባቡ ደስ ይላል። ግን ጀማሪ ከራሱ ካርድ ሌላ የሦስት ሰው ጠረጴዛ እያነበበ መከታተል አለበት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለመማሪያ ሁለት ሰው ይሻላል።

ገንዘብን በታሸገ ፓኬት መጨረስ

በብዛት የሚሠራው ስህተት ይሄ ነው፤ ኪስም የሚያራቁተው እሱ ነው። ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈጠረው ማጂክ በ1993 ሲወጣ ካርዶቹ በታሸገ ፓኬት፣ በዘፈቀደ ተደባልቀው ይሸጡ ነበር። ዛሬም አሠራሩ ያው ነው። ፓኬት መክፈት ያጓጓል፣ አልክድም። ግን አንድ የምትፈልጉት ካርድ ካለ መንገዱ እሱ አይደለም።

እስቲ እናስላው። አንድ ዕትም ውስጥ 60 ብርቅ ካርዶች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ፓኬት ደግሞ አንድ ብርቅ ካርድ ይዟል፣ ሁሉም እኩል ዕድል አላቸው። 60 ፓኬት ብትከፍቱ የፈለጋችሁትን ካርድ ጭራሽ ያለማግኘት ዕድላችሁ 36 በመቶ ገደማ ነው። ካርዱን በነጠላ ብትገዙት ግን በአንድ ጊዜ አለቀ።

ስለዚህ መጀመሪያ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ዴክ፣ ማለትም የምትጫወቱበትን የካርድ ስብስብ፣ ግዙ። እሱን ተጫውታችሁ ምን እንደጎደለው ስታውቁ የጎደለውን በነጠላ ጨምሩ። ፓኬት መክፈት ካማራችሁ «ድራፍት» ተጫወቱ። እያንዳንዱ ሰው በተለምዶ ሦስት ፓኬት ይይዛል፣ አንድ ካርድ ይመርጥና የቀረውን ለጎረቤቱ ያሳልፋል፣ በመረጠው ካርድ ዴክ ሠርቶ ይጫወታል። ፓኬቱም ተከፈተ፣ ጨዋታም ተገኘ።

የወደዱትን ሁሉ ዴክ ውስጥ መክተት

ጀማሪ ከዴኩ ካርድ መቀነስ ያሳሳዋል። ማጂክ ቢያንስ 60 ካርድ ይላል እንጂ ከዚያ በላይ አይከለክልም፤ ስለዚህ ዴኩ 80 ይደርሳል። ጉዳቱ እዚህ ጋ ነው። ምርጡን ካርዳችሁን አራት ቅጂ ይዛችኋል፣ ከመሠረታዊ መሬት በቀር ሕጉ የሚፈቅደው እስከዚያ ነው። በ60 ካርድ ዴክ፣ ከመጀመሪያዎቹ 7 ካርዶች ውስጥ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድላችሁ 40 በመቶ ገደማ ነው። በ80 ካርድ ወደ 31 በመቶ ይወርዳል። ደካማ ካርድ በጨመራችሁ ቁጥር ጠንካራውን እያራቃችሁት ነው።

መሬትን መቀነስም ያው ነው። ከ60 ካርድ 24 ያህሉ፣ ከ40 ካርድ የድራፍት ዴክ ደግሞ 17 ያህሉ መሬት ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። ብዙ ቢመስላችሁም አትንኩት። በዩ-ጊ-ኦ ዋናው ዴክ ከ40 እስከ 60 ነው፤ እናንተ 40 ላይ ቁሙ። ፖክሞን ልክ 60 ስለሆነ እዚያ የሚያስቸግረው ሌላ ነው፦ መነሻ ፖክሞን፣ ማለትም በቀጥታ ከእጅ ጠረጴዛ ላይ የሚወጡትን፣ ማሳነስ። የመጀመሪያ 7 ካርዶቻችሁ ውስጥ አንድም ከሌለ እንደገና በውዛችሁ ትስባላችሁ፣ ተጋጣሚያችሁም ተጨማሪ ካርድ የመሳብ መብት ያገኛል።

ውድድር ላይ የማይፈቀድ ካርድ መግዛት

አሮጌ ካርዶች በአንዳንድ የውድድር ዓይነቶች ጊዜያቸው ያልፋል። በዘመናዊ የፖክሞን ካርዶች ታችኛው ጥግ ላይ የምታዩዋት ትንሽ ፊደል ለዚህ ናት። ቤት ውስጥ ለመጫወት ችግር የለውም። ለውድድር ከሆነ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ካርድን ቶሎ ማውጣት

ማጂክ ላይ አዲስ ተጫዋች ተራው ሲደርስ ያለውን ሁሉ ያወጣና ከዚያ ያጠቃል። ነገሩን ከቅርብ እንየው። እናንተ 2/2 ፍጡር አላችሁ፤ ማለትም በ2 ይመታል፣ 2 ጉዳት ሲደርስበት ይሞታል። ተጋጣሚያችሁ 3/3 አለው። አራት መሬት ሳትጠቀሙ ትታችሁ በ2/2 ብታጠቁ ያመነታል። «ይሄ ሰው እጁ ላይ በጥቃቱ መሃል የሚያወጣው የሆነ ነገር ባይኖረው እንዲህ አይደፍርም» ብሎ ሳይከላከል ሊያሳልፋችሁ ይችላል። አራቱንም መሬት መጀመሪያ ተጠቅማችሁ አዲስ ፍጡር ብታወጡ ግን የሚያስፈራው ነገር የለም፤ በ3/3ው ተከላክሎ 2/2ውን ዝም ብሎ ይገድለዋል። አዲሱ ፍጡር አብዛኛውን ጊዜ በወጣበት ተራ ማጥቃት አይችልም። ስለዚህ ከጥቃቱ በኋላ ብታወጡት የሚጎድልባችሁ ነገር የለም።

የካርድ ሽፋን ሳይለኩ መግዛት

የማጂክና የፖክሞን ካርድ 63 በ88 ሚሊሜትር ነው። የዩ-ጊ-ኦ 59 በ86 ነው። ካርዱ የሚገባበት የላስቲክ ሽፋን ከሰፋ ካርዱ ውስጡ ይንሸራተታል፣ ለመበወዝም አይመችም።

በስልክና በኮምፒውተር ብቻ መጫወት

የማጂክ አሬና፣ የዩ-ጊ-ኦ ማስተር ዱኤል፣ የፖክሞን ቲሲጂ ላይቭ በነፃ ስለሚጀመሩ ለልምምድ አሪፍ ናቸው። ግን ነጥቡን የሚቆጥረው፣ ካርዱ የሚያደርገውን ነገር በሰዓቱ የሚያስታውሰው ፕሮግራሙ ነው። ጠረጴዛ ላይ ያ ሁሉ የእናንተ ሥራ ነው። እየተጫወታችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ «ካርድ ሳብኩ፣ መሬት አወጣሁ፣ አጠቃለሁ።» የማታውቁት ካርድ ሲወጣ «ላንብበው?» በሉ። ማንም ቅር አይለውም፤ ነባሮቹም ይጠይቃሉ።

ሁለቴ ተሸንፎ ዴክ መቀየር

የሁለት ጨዋታ ሽንፈት ስለ ዴኩ ብዙ አይናገርም። መሬት ሳይመጣላችሁ ቀርቶ ይሆናል፤ ተጋጣሚያችሁ የተሻለ ስቦ ይሆናል። ዴኩን ሙሉ በሙሉ ካፈረሳችሁት የቱ ካርድ እንደበደላችሁ መቼም አታውቁም። ሁለት ሦስት ካርድ ብቻ ለውጡ፣ ከዴኩ ያወጣችሁትን ጻፉ፣ ደጋግማችሁ ተጫወቱ። ጨዋታው እንዳለቀ ደግሞ ካርዱ ሳይሰበሰብ ያሸነፋችሁን ሰው «የቱ ተራ ላይ ነው የተበላሁት?» ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኛው ተጫዋች ይህን ማስረዳት ይወዳል፤ እጃችሁ ላይ ምን እንደነበረ ካሳያችሁት ደግሞ ምን ማድረግ ትችሉ እንደነበር ይነግራችኋል።