ስለ ሱስና ወንጀል ልብ ወለድ ሲጻፍ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ለአርትዖት ከሚደርሱኝ ረቂቆች ውስጥ አደንዛዥ ዕፅንና ወንጀልን የሚመለከቱት በአብዛኛው የሚወድቁት በቋንቋ ድክመት አይደለም። ደራሲው ሱስን የሐዘን ሌላ ስም አድርጎ ስለሚወስደውና በሰውነት ላይ በሰዓት የሚሠራ፣ በየቀኑ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር መሆኑን ስለሚዘነጋ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ዕፆችን ሁሉ አንድ ማድረግ ነው። ሄሮይን የዓይን ብሌንን ያጠብባል፣ ትንፋሽን ያዘገያል፣ ያንገላጅጃል፤ ኮኬይን በተቃራኒው ብሌንን ያሰፋል፣ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ያስለፈልፋል። በአፍንጫ የተሳበ ኮኬይን ሞቅታው ከግማሽ ሰዓት እምብዛም ስለማያልፍ፣ ተጠቃሚው ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስ፣ ሲበደርና ሲጣላ ያድራል። ትዕይንቱ ያለው በዚህ መመላለስ ውስጥ ሆኖ ሳለ ጀማሪዎች አንድ ጊዜ አስወስደውት እስከ ንጋት ያስጨፍሩታል።

ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ግን ዕፁ የሚቋረጥበት ምዕራፍ ነው። ገጸ ባሕርዩ አንድ ሌሊት ይጮኻል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሲነጋ ድኖ ይነሣል! የሄሮይን ሕመም የሚጀምረው ከመጨረሻው መጠን በኋላ ከ8 እስከ 24 ባሉት ሰዓታት ሲሆን፣ ከቀናት በኋላ ቢበርድም ምኞቱ ግን ለወራት ይቆያል። ደግሞም ሕመሙ ማዛጋት፣ የአፍንጫ ፈሳሽና ተቅማጥ አለው፤ ደራሲያን ጩኸቱን ጽፈው ተቅማጡን የሚዘሉት ለጀግናቸው ክብር ሲጨነቁ ይመስለኛል። ከዚህ የባሰ አደጋ ያለበት የመጠጥ መቋረጥ ነው፤ ለዓመታት በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ የመሰለ መንዘፍዘፍና ቅዠት ሊገድሉት ይችላሉ። በረቂቆቹ ግን ሰካራሙ ጠርሙሱን ሰባብሮ በማግሥቱ ጢሙን ተላጭቶ ይወጣል።

ከእስር የተፈታውንም ሱሰኛ በተስፋ መቁረጥ እጥፍ መጠን እንዲወስድ አድርጎ መግደል አያስፈልግም። ለወራት ያቆመ ሰውነት መላመዱን ስለሚያጣ፣ ድሮ ይችለው የነበረው ያው መጠን ትንፋሹን ሊያቆመው ይችላል። ደስ ብሎት፣ ለአንድ ምሽት ብቻ ብሎ የሚሞት ሰው ከምሬተኛው ይልቅ አንባቢን ይረብሻል።

የመንገድ ሻጭን በወርቅ ሐብል ማንቆጥቆጥም ይብቃ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ፣ በአንድ የአሜሪካ የወሮበላ ቡድን የሒሳብ መዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ ተራ ሻጮቹ የሚያገኙት ከሕጋዊው ዝቅተኛ ደመወዝ ብዙም እንደማይርቅ አሳይቷል።

ጥሩም ክፉም ለመባል የሚያስቸግር ሰው እፈጥራለሁ ብሎ ለሻጩ የታመመች እናት መስጠት ማባበል ነው። ከዚህ የማይሻለው «ለሕፃናት አልሸጥም» የሚለው ሻጭ ነው። አንዲት ጀማሪ ደራሲ ይህን ሰው አምጥታልኝ ነበር፤ ለአባቶቻቸው ግን ይሸጣል። አንድ ቀን ከእነዚህ አባቶች አንዱ ታምሞ አልጋ ላይ ቢውልና ገንዘቡን ይዞ ልጁ ቢመጣ ሻጩ ምን ያደርጋል ስል ጠየቅኋት። እንደገና ስትጽፈው ሻጩ ለልጁ አልሸጠም፤ ልጁን ቤቱ ድረስ ሸኝቶ ለአባትየው በእጁ ሰጠው፣ ለድካሙም ጭማሪ ተቀበለ። ይህን ምዕራፍ ያለ አንዳች እርማት አሳለፍኩት።