ለዳገታማ ከተሞች፦ ግፊትን በመቀነስ የቧንቧ ውሃ ብክነትን እንዴት መቀነስ ይቻላል

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር ወደ ደብረ ሲናና ሸዋሮቢት የወረደ ሰው የሰሜን ሸዋን ቁልቁለት በጆሮው ያውቀዋል፤ መኪናው ሲወርድ ጆሮ ይደፈናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ትበልጣለች፣ ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እንደ ደብረ ሲና ባለ ዳገት ላይ በተሠራ ከተማ የአንዱ ቀበሌ የላይና የታች ሰፈር ልዩነትም ቀላል አይደለም። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ከፍታን ወደ ግፊት ይለውጣል፦ 10 ሜትር ልዩነት ወደ 1 ባር (የግፊት መለኪያ አሃድ) ይጠጋል። ማጠራቀሚያው ከቤታችሁ 80 ሜትር ከፍ ካለ፣ ሁሉም ቧንቧውን ዘግቶ በተኛበት ሰዓት መስመራችሁ 8 ባር ያህል ተሸክሟል ማለት ነው።

ግፊቱ ከ8 ወደ 5 ባር ቢወርድ ምን ይተርፋል? እንደ ቀዳዳው ዓይነት ይለያያል። በብረት ቧንቧ ላይ ያለ ክብ ቀዳዳ የሚያፈሰው ወደ 20 በመቶ ይቀንሳል። በፕላስቲክ ቧንቧ ላይ በቁመቱ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ግፊቱ ስንጥቁን ራሱን ስለሚከፍተው፣ ሲወርድ ብክነቱ በግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችላል። አዲስ ፍንዳታም ይቀንሳል። ስለዚህ አካፋና ዶማ ከማንሳት በፊት ጌጅ፣ ማለትም የግፊት መለኪያ፣ ማንሳት ይሻላል።

1. ግፊቱን ለኩ። 10 ባር የሚያነብ ጌጅ ከፍተኛው ቦታ ባለ ቤት፣ ዝቅተኛው ቦታ ባለ ቤትና ከማጠራቀሚያው በጣም በራቀው ቤት ግቢ ቧንቧ ላይ ግጠሙ፤ ከሮቶው በፊት መሆኑን አትርሱ። አንዴ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት፣ አንዴ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት አንብቡ። የስልክ ጂ ፒ ኤስ ከፍታን በብዙ ሜትር ስለሚሳሳት አትመኑት፤ ውሃው በማይንቀሳቀስበት ሰዓት ጌጁ ራሱ የከፍታውን ልዩነት ይነግራችኋል።

2. ሰፈሩን ለዩ። ውሃ በአንድ መግቢያ ብቻ እንዲገባ ከጎረቤት ሰፈር መስመር ጋር የሚያገናኙትን የድንበር ቫልቮች ዝጉ። ከዚያ ነዋሪው አስቀድሞ እንዲያውቅ አድርጋችሁ መግቢያውንም ለአጭር ጊዜ ዝጉት፤ ግፊቱ ወደ ዜሮ ካልወረደ ማንም ያላስታወሰው መስመር ከሌላ በኩል እየመገበው ነው። በአሮጌ ከተማ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

3. የሌሊቱን ፍሰት መዝግቡ። መግቢያው ላይ ባለው ቆጣሪ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት የሚያልፈው ውሃ በአብዛኛው ብክነት ነው ይባላል። በፈረቃ ውሃ በሚያገኝ ከተማ ግን ሮቶው የሚሞላው በሌሊት ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ አትውሰዱት፤ የጥቂት ቤቶችን ቆጣሪ አብራችሁ አንብቡና የሮቶውን ድርሻ ገምታችሁ ቀንሱ።

4. መቀነሻውን ምረጡ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ልማድ መነሳት አለበት፦ ጌት ቫልቭን (ተራውን የመስመር መክፈቻና መዝጊያ) በግማሽ ዘግቶ «ግፊት ቀነስን» ማለት። በግማሽ የተዘጋ ቫልቭ ግፊት የሚቀንሰው ውሃ በብዛት ሲያልፍበት ብቻ ነው። ጠዋት ሁሉም ሲቀዳ ውሃ የሚያስፈልገውን ሰው ይከለክላል፤ ሌሊት ማንም በማይቀዳበት ጊዜ ግፊቱ ከታች ተመልሶ ወደ ነበረበት ይጠጋል። ቀዳዳው በደንብ የሚያፈሰው ያኔ ነው። ቫልቩም ተበልቶ፣ በኋላ ለጥገና መዝጋት ሲያስፈልግ አልዘጋ ይላል። ትክክለኛው መሣሪያ ፍሰቱ ቢጨምርም ቢቀንስም ከበታቹ ያለውን ግፊት አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ነው። በገጠር ከምንጭ በሚወርድ መስመር ደግሞ ተንሳፋፊ ኳስ ያለው ግፊት መስበሪያ ገንዳ ይበቃል፤ ውሃው እዚያ አየር አግኝቶ ግፊቱ ዜሮ ሆኖ ጉዞውን እንደገና ይጀምራል።

5. ግጠሙት። መጠኑን በሚያልፈው ውሃ እንጂ በቧንቧው ስፋት አትምረጡ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ የሆነ ቫልቭ በሌሊት ትንሽ ፍሰት ይንቀጠቀጣል። ከፊቱ ማጣሪያ፣ በግራና ቀኙ መዝጊያ፣ ለጥገና ጊዜ ማለፊያ መስመር፣ ከፊትና ከኋላ ጌጅ ይኑረው። ቀስቱ ውሃው የሚሄድበትን አቅጣጫ ያሳይ። ከመግጠማችሁ በፊት መስመሩን እጠቡ፤ አንዲት ጠጠር ቫልቩን ክፍት አድርጋ ልታስቀረው ትችላለች።

6. ቀስ ብላችሁ አስተካክሉ። ውሃው እየፈሰሰ የመቀነሻ ቫልቩን ማስተካከያ ብሎን አዙራችሁ ግፊቱን ግማሽ ባር ያህል ዝቅ አድርጉና ጥቂት ቀን ጠብቁ። መለኪያችሁ ቫልቩ አጠገብ ያለው ጌጅ አይደለም፤ ጠዋት ላይ ከፍተኛው ቦታ ያለው ቤት ነው። እዚያ ከ10 እስከ 15 ሜትር፣ ማለትም ከ1 እስከ 1.5 ባር፣ ከቀረ ይበቃል። ከዚያ በታች ከወረደ ብሎኑን መልሱ።

ውሃ በፈረቃ የሚለቀቅ ከሆነ ቫልቭ የሚከፍተው ሠራተኛ እጅም ወሳኝ ነው። ባዶ መስመር በአንድ ጊዜ ሲከፈት አየርና ውሃ ተጋጭተው ቧንቧ ያፈነዳሉ፤ ስለዚህ በጥቂት ዙር ከፍቶ፣ አየሩ እስኪወጣ ጠብቆ መቀጠል ነው። መስመሩ ባዶ በሆነ ሰዓት ደግሞ ያው ቀዳዳ የጉድጓዱን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል።

7. ደግማችሁ ለኩ። የሌሊቱን ፍሰት ከበፊቱ ጋር አስተያዩ፤ ግፊት መቀነስ ቀዳዳን አይደፍንምና የቀረውን ፈልጋችሁ ጠግኑ። በክረምት፣ ውሃው ሲደፈርስ፣ ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ አጽዱ። ከሁሉም በኋላ ዳገቱ ጫፍ ላይ ያሉ ጥቂት ቤቶች ብቻ ውሃ ካጡ፣ ለእነሱ ሲባል የመላውን ሰፈር ግፊት ከፍ አታድርጉ፤ ከቫልቩ በላይ ካለው መስመር ለብቻቸው ቀጥሉላቸው።