ቨርጂኒያ ውስጥ አደን ስትወጡ ዛፉን እዩ

ዲሲና አካባቢዋ ሆናችሁ አደን አምሯችሁ የት እንደሚፈቀድ ግራ ከገባችሁ፣ በቅርብ ያለው ሰፊ የሕዝብ መሬት የጆርጅ ዋሽንግተንና ጀፈርሰን ብሔራዊ ደን ነው። ከሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ጋር እንዳታምታቱት። ሁለቱም ተራራ፣ ሁለቱም ጫካ ናቸው። ፓርኩ ውስጥ ግን ማደን ክልክል ነው።

ደኑ ውስጥ ለማደን በመደበኛው የአደን ፈቃድ ላይ የ4 ዶላር የብሔራዊ ደን ፈቃድ ይጨመራል። ትንሽ ስለሆነች ትረሳለች።

ዋናው ጣጣ ድንበሩ ነው። ካርታው ላይ አረንጓዴው ወጥ ይመስላል፤ መሬቱ ላይ ግን በመሃል የሰው ይዞታ ይገባበታል። አጥር የለም ማለት ባለቤት የለም ማለት አይደለም። ዛፍ ላይ ወደ ታች የተሰመረ ወይን ጠጅ ቀለም ካያችሁ ተመለሱ። በግዛቱ ሕግ "መግባት ክልክል ነው" ከሚል ሰሌዳ እኩል ነው። የድንበር ካርታውን ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ ጫኑት፤ ተራራው ውስጥ ኔትወርክ ድራሹ ይጠፋል።

የሕዝብ መሬት ነው ተብሎም የትም አይተኮስም። ብሔራዊ ደን ውስጥ ከመኖሪያ ቤት ወይም ከካምፕ ቦታ በ150 ያርድ ክልል መተኮስ አይቻልም። እሁድ በሕዝብ መሬት ማደን የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ከአምልኮ ቤት ግን 200 ያርድ መራቅ ግድ ነው። (ቅዳሴ ትቶ አደን! እናቴ ብትሰማ ጉዴ ነበር።)

በጠመንጃ የአጋዘን አደን ወቅት ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስ መልበስም ግዴታ ነው።