ለትልቅ ጎማ ብላችሁ የጂፕ የኋላ አክስል ስትቀይሩ የምትሳሳቱት

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ጋራዤ በር ላይ ፒክአፕ አቆመ። ከኋላ ዘይት የሚያንጠባጥብ የፎርድ ኤክስፕሎረር አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማ የሚያዞረው ሙሉው ክፍል) ተጋድሟል። «ጋሼ፣ በርካሽ አገኘሁት!» አለኝ። ፊቱ በደስታ ያበራል። «ሬሾው ስንት ነው?» አልኩት። ጎማው አንዴ እንዲዞር ከሞተር በኩል የሚመጣው ዘንግ፣ ፕሮፔለር ሻፍቱ፣ ስንት ጊዜ ይዞራል ማለቴ ነው። ዝም። «የጂፕህ የፊተኛው አክስልስ?» አሁንም ዝም።

ይህችን ዝምታ አውቃታለሁ። እዚህ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ውስጥ ጂፕ ስጠግን በየጊዜው ትመጣብኛለች። ስለዚህ አንዴ ጽፌ ልገላገል። የማወራው ከ1997 እስከ 2006 ስለተሠራው ራንግለር፣ ቲጄ ስለሚባለው ነው። ወደ እኔ አብዝቶ የሚመጣው እሱ ነው።

«ሻፍቱን ብቻ ላጠንክረው»

አብዛኛው ቲጄ ከኋላ ዳና 35 የሚባል አክስል ይዞ ነው የመጣው። ስሙን ሰምቶ 35 ኢንች ጎማ የሚችል የመሰለው ሰው ገጥሞኛል። ቀልዴን አይደለም። ቁጥሩ ከጎማ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ኮሮናው (ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ትልቁ ክብ ጥርስ) ከ7 ኢንች ተኩል እምብዛም አይበልጥም፤ ሻፍቱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ባለ 27 ጥርስ ነው። በፋብሪካው ጎማ ለዓመታት ያገለግላል። 33 ኢንች ላይም እግራችሁ ካልከበደ ይታገሳል። 35 አስራችሁ፣ ሎከር (ሁለቱን ጎማ አብረው እንዲዞሩ የሚቆልፍ) ጨምራችሁ ድንጋይ ላይ ስትወጡ ግን ሻፍቱ ይቆረጣል። አቆራረጡ ደግሞ ክፉ ነው። ሻፍቱን ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚይዘው ሲ-ክሊፕ የሚባል ትንሽ ቀለበት ስለሆነ፣ ሻፍቱ ሲሰበር ጎማው ራሱ ወደ ውጭ መውጣት ይጀምራል። አንዱ ደንበኛዬ ጂፕ ነጂዎች ድንጋይ በሚወጡበት ሞአብ፣ ዩታ ላይ የገዛ ጎማው ሲወጣ በመስታወት እያየ ነው ያቆመው።

ጠንካራ ሻፍት ይሸጣል፤ አውቃለሁ። ግን ሻፍቱ ሲጠነክር ጉልበቱ ወደሚቀጥለው ደካማ ቦታ ይሄዳል። እሱም ያው ትንሹ ኮሮናና እሱን የሚያዞረው ጥርስ፣ ፒኞኑ ነው። 35 ለማሰር ከቆረጣችሁ ያንን ብር ለሌላ አክስል አውሉት።

ሬሾ ሳይጠይቁ መግዛት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው፤ ታገሡኝ።

ባለ 4.0 ሊትር ሞተርና የእጅ ማርሽ ቲጄ ብዙ ጊዜ 3.07 ሬሾ ይዞ ይመጣል። ጃንክያርድ የምታገኙት የኤክስፕሎረር አክስል ደግሞ 3.55፣ 3.73 ወይም 4.10 ነው። ገዝታችሁ ከኋላ ገጠማችሁት እንበል። ስትነዱት ምንም የለም! እንዲያውም ጉልበት ጨመረ ብላችሁ ትደሰታላችሁ። ወጥመዱ ይሄ ነው፤ በኋላ ጎማ ብቻ እስከነዳችሁ ድረስ መኪናው አያሳብቅም።

ፎር ዊል ስታስገቡ ግን የፊቱና የኋላው ፕሮፔለር ሻፍት በአንድ ፍጥነት መዞር ግዴታቸው ነው። ከፊት 3.07፣ ከኋላ 3.73 ከሆነ የፊት ጎማ ከኋለኛው ከ20 ፐርሰንት በላይ ቀድሞ መሄድ ይፈልጋል። በረዶ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ያስታርቃቸዋል። ደረቅ ድንጋይ ላይ የሚያስታርቅ የለም። ወይ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው የትራንስፈር ኬዙ ሰንሰለት፣ ወይ የፕሮፔለር ሻፍቱ መገጣጠሚያ ክሮቸራው፣ ወይ ጥርሱ ይከፍላል። ከዚያ እኔ ጋ መጥታችሁ «ጋሼ፣ ፎር ዊል ሳስገባ ይታሰራል» ትላላችሁ። ይታሰራላ!

ማወቅ እኮ ከባድ አይደለም። መሬት ላይ ያለ አክስል ከሆነ አንዱን ጎን ያዙና ሌላውን ሁለት ዙር አዙሩ፤ ፒኞኑ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። ሦስት ዙርና ወደ ሩብ ገደማ ከሆነ ወይም ከዚያ በታች፣ ለትልቅ ጎማ አይሆንም። ሁለቱም ጎን አብረው የሚዞሩ ከሆነ ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻውን በከንቱ እንዳይዞር የሚይዝ) ነው፤ ያኔ አንድ ዙር ይበቃል። ኤክስፕሎረሩ ገና አልተፈታም? በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈውን ወረቀት እዩ። የአክስል ኮዱ ዲ4 (D4) ካለ 3.73 ከሊሚትድ ስሊፕ ጋር ነው።

ለ35 ኢንች ደግሞ 3.73ም አይበቃም። በተለይ እንደኛ ከፍታ ላይ ለሚኖር፣ ሞተር አየር በሚያጥረው ቦታ፣ 4.56 ወይም 4.88 ነው የምመክረው። ስለዚህ የፊቱም ይቀየራል። ፊት ያለው ዳና 30 ከ3.07 ወደ 4.56 ሲሄድ በተለምዶ ኮሮናው የሚታሰርበት ካሪየሩም አብሮ ይቀየራል። ርካሹ አክስል ርካሽ የሚመስለው ይህን እስክትደምሩ ነው።

ከልክ በላይ ትልቅ መግዛት

ዳና 60 የሚባለው አክስል ኮሮናው 9.75 ኢንች ነው። ሆዱ ትልቅ ስለሆነ ድንጋይ ይፍቃል፣ ክብደቱም መኪናውን ይጎትታል። ለ35 ምን ያደርጋል? ለ40 አስቡት።

ታዲያ የትኛው?

አንዳንድ ቲጄ ከፋብሪካ ዳና 44 ይዞ ወጥቷል። ኮሮናው 8.5 ኢንች፣ ሻፍቱ ባለ 30 ጥርስ፣ ሲ-ክሊፕ የለውም። ብሎን ፈትቶ መግጠም ነው። ሁሉም ስለሚፈልገው ግን ዋጋው አይቀመስም። የእኔ ምርጫ ኤክስፕሎረሩ ነው፦ 8.8 ኢንች ኮሮና፣ ባለ 31 ጥርስ ሻፍት። ከ1995 እስከ 2001 ያለው የዲስክ ፍሬን አለው። የጎማው አምስት ብሎን ከቲጄው ጋር አንድ ነው። ስፋቱ ከቲጄው በአንድ ኢንች ያህል ያንሳል፤ በቸርኬ ይስተካከላል። እሱም ሲ-ክሊፕ ነው፤ እንዳልዋሻችሁ። ወፍራም ስለሆነ ነው የማምነው።

ቱቦዎቹን ከመሐለኛው አካል ጋር ሳትበይዱ ግን እንዳትገጥሙት። ፋብሪካው ጨምቆ በጥቂት ነጥብ ነው ያያዛቸው፤ በትልቅ ጎማ ይዞራሉ። መሐሉ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት (ካስት አይረን) ስለሆነ ሳይሞቅ አይበየድም። ለሚያውቅ በያጅ ስጡት።

የኔው ጥፋት

ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው። ዕቃ ከሶማሌ ተራ እየለቀምኩ ባለ ባሌስትራ መኪና ስሠራ ነው ያደግኩት። ባሌስትራ ይቅር ይላል። ቲጄ ግን በሞላና በክንድ ነው የሚቆመው። የመጀመሪያውን 8.8 (የኤክስፕሎረሩን አክስል) ስገጥም ጂፑን ሰቅዬ፣ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከክንዱ ጋር የሚያያይዙትን መያዣዎች በየድኩ፣ በደንብ አድርጌ። መሬት ሲወርድ ክብደቱ አረፈበትና የፒኞኑ አንግል ተቀየረ። 45 ማይል ላይ መሪው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ሁሉንም በግራይንደር ቆርጬ ሦስት ቀን በነጻ ሠራሁ።

ትክክሉ እንዲህ ነው፦ መያዣውን በነጥብ ብቻ ያዙት፣ መኪናውን በጎማው አቁሙት፣ አንግሉን ለኩ፣ ከዚያ በይዱ። መኪናውን ከፍ የሚያደርግ ሊፍት አስገብታችሁ፣ በትራንስፈር ኬዙ በኩል ባለው ጫፉ ጥንድ ክሮቸራ ያለው (ደብል ካርዳን) ፕሮፔለር ሻፍት ካላችሁ ፒኞኑ ወደ ትራንስፈር ኬዙ ያይ፣ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ዝቅ ብሎ።

አዲስ ኮሮናና ፒኞን ካስገባችሁ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ሞአብ አትሂዱ። 20 ማይል ያህል ቀስ ብላችሁ ነድታችሁ አቁሙት፣ ይቀዝቅዝ። እስከ 500 ማይል አትጎትቱበት፤ ከዚያ ዘይቱን ቀይሩ።

ወደ ልጁ ልመለስ። አብረን ቆጠርን፦ የሱ 3.73፣ የፊቱ 3.07። አክስሉ ላይ ቁጭ አለና ጭንቅላቱን ያዘ። አሁን የፊቱን ብር እያጠራቀመ ነው። አክስሉ ጋራዤ ጥግ ተቀምጧል፤ እኔም የቡና ስኒ ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ።