ዲዛይነር ቦርሳ ከመግዛትሽ በፊት ሂሳቡን እንዴት እንደምትሠሪ

"ደመወዜ ስንት ሲደርስ ነው ዲዛይነር ነገር መግዛት የምችለው?" የምትዪ ከሆነ፣ መልሱ ደመወዝሽ ላይ ብቻ አይገኝም። እኩል ደመወዝ ያላቸው ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ቦርሳ ይገዛሉ። አንዷ ምንም አይመስላትም፣ ሌላዋ እስከ ወሩ መጨረሻ እጅ ያጥራታል። ልዩነቱ ሁሉም ነገር ተከፍሎ ሲያልቅ በሚተርፈው ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን እንፈልገው።

ያለፉትን ሦስት ወራት የባንክ ሂሳብሽን አውጪና ግዴታ የሆነውን ሁሉ ጻፊ። ቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ዕዳ፣ የልጆች ወጪ፣ ለቤተሰብ የምትሰጪው፣ ቁጠባ። ቁጠባን እዚህ የከተትኩት ሆን ብዬ ነው፤ "ከተረፈኝ እቆጥባለሁ" ያለች ሴት አይተርፋትም። ለሥራ የሚያስፈልግሽን ደህና ልብስም እዚሁ ጨምሪው፣ ምክንያቱም ሴት ልጅ ሥራ ቦታ በአለባበሷ የምትመዘነው ከወንድ በላይ ነው፣ ይሄንን ወጪ እንደ ቅብጠት ማየት ልክ አይመስለኝም። ግን ደህና ልብስ ይበቃል፣ ሥራው የዲዛይነር ስም አይጠይቅም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው ነፃ ገንዘብሽ ነው። ሽርሽሩም፣ ከጓደኛ ጋር መውጣቱም፣ ቦርሳውም የሚሻሙት እሱን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ደመወዝሽ 100 ነው እንበል። ግዴታሽ 85 ይወስዳል፣ 15 ይቀርሻል። ደመወዝሽ በ10 በመቶ አድጎ 110 ሆነ። ኪራዩ አልጨመረም፣ ምግቡም ያው ነው፣ እና ነፃ ገንዘብሽ ከ15 ተነስቶ 25 ገባ። ደመወዙ ያደገው በአንድ አሥረኛ ነው፣ ነፃው ገንዘብ ግን በሁለት ሦስተኛ! ትንሽ ጭማሪ ያገኘች ሴት በአንዴ ሀብታም የሆነች የሚመስላት ለዚህ ነው፣ ስሜቱ ደግሞ ውሸት አይደለም። ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ኧርነስት ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1857 እንዳሳየው፣ ገቢ ሲያድግ ከገቢው ላይ ለምግብ የሚውለው ድርሻ እየቀነሰ ይሄዳል። የተለቀቀውን ቦታ ሌላ ነገር ይይዘዋል። የኢኮኖሚክስ ሰዎችም የቅንጦት ዕቃ የሚሉት ገቢ ሲያድግ ከገቢው በበለጠ ፍጥነት የሚገዛውን ነው። ዲዛይነር ፋሽን እዚያ ውስጥ ነው።

ሂሳቡ ግን ወደ ታችም ይሠራል። 100 የነበረው ወደ 90 ቢወርድ የሚቀርሽ 5 ብቻ ነው። ደመወዝሽ ትንሽ ተነካ፣ ነፃ ገንዘብሽ ግን አለቀ ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ በቀጣዩ ዓመት የቅንጦት ገበያው አብሮ የወረደው፣ ሰው ፋሽን ስለጠላ አልነበረም።

ስለዚህ ሂሳብሽን በጥሩ ወር አትሥሪው። በኮሚሽን የምትሠሪ ከሆነ ወይም የራስሽ ሥራ ካለሽ፣ ከዓመቱ ውስጥ ዝቅተኛውን ወር ውሰጂና በእሱ አስቢ። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ጋር ይጠቅማል፦ ሰው ወጪውን የሚወስነው ይዘልቃል ብሎ በሚጠብቀው ገቢ ነው፣ ዛሬ እጁ በገባው አይደለም። ብዙዎቻችንን የሚያስቸግረን አንዴ የመጣውን ገንዘብ እንደሚዘልቅ መቁጠር ነው። ቦነስ አገኘሽ? ከፊሉን ቁጠባ ውስጥ አስገቢና በቀረው ደስ ያለሽን ግዢ፣ ምንም ችግር የለውም። በቦነስ ቅድሚያ ከፍለሽ የቀረውን በየወሩ ከደመወዝሽ ልትከፍዪ ከሆነ ግን ተዪው፣ አንዴ የመጣ ገንዘብ ዓመት ሙሉ የሚቆይ ዕዳ መክፈቻ እየሆነ ነው።

ቀጥሎ ያለው ከቁጥር ይከብዳል፦ ለማን ዓይን ነው የምትገዢው? አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ቶርስታይን ቬብለን ሰዎች አቅማቸውን ለማሳየት ብለው ስለሚያወጡት ገንዘብ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው፣ ነገሩ ዛሬም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ሦስት ተመራማሪዎች በአሜሪካ መረጃ ላይ ሠርተው ባሳተሙት ጥናት፣ ልብስ፣ ጌጣጌጥና መኪናን ለመሰሉ ለሰው ለሚታዩ ነገሮች የሚወጣው ገንዘብ በራስ ገቢ ብቻ እንደማይወሰን አሳይተዋል። እንደኔ ነው የሚባሉት ሰዎች ገቢም ይወስነዋል። የራስ ገቢ እኩል ሆኖ፣ በአካባቢው ያሉት የእነዚያ መሰሎች ገቢ ዝቅ ያለ ከሆነ ለሚታይ ነገር የሚወጣው ይበዛል። በሌላ አነጋገር፣ "እኔ እንደዚያ አይደለሁም" ለማለት የሚወጣ ገንዘብ አለ። ይሄን ስታውቂ በማንም ላይ አትፈርጂም፤ በገዛ ወጪሽ ላይም ቢሆን ሳትቆጪ ታስቢያለሽ።

መፈተኛው ቀላል ነው። ቦርሳው ላይ ያለው ምልክት ተነስቶ፣ ማንም ሳያውቀው በዚሁ ዋጋ ትገዢው ነበር? አዎ ካልሽ ዕቃውን ወደሽዋል። አይ ካልሽ የሚከፈለው ለምልክቱ ነው፣ ለምልክትም መክፈል መብትሽ ነው፣ ግን ስንቱ ለዚያ እንደሆነ እያወቅሽ ክፈዪ። ስልክሽ ላይ የምታዪያቸውን ሴቶች መለኪያ አታድርጊ። የጎረቤትሽን ኑሮ ቢያንስ ትገምቻለሽ። የእነሱን ገቢ፣ ዕዳ፣ የትኛው ዕቃ በስጦታ እንደመጣና የትኛው ተውሶ ፎቶ ተነስቶበት እንደተመለሰ በምን ታውቂያለሽ?

ብራንዶቹም የገቢሽን ደረጃ በደንብ ያውቁታል። ልብሱ ለማይደርሳት ቦርሳ፣ ቦርሳው ለማይደርሳት መነጽር፣ መነጽሩ ለማይደርሳት ሽቶና ሊፕስቲክ አለ። እነዚህ ትናንሾቹ ብዙ ጊዜ የፋሽን ቤቱ ራሱ የሚሠራቸው አይደሉም። የፕራዳና የሻኔል መነጽሮች የሚመረቱት ሉክሶቲካ በሚባል የጣሊያን መነጽር አምራች ነው፣ የኢቭ ሳን ሎራን ሽቶና ሜካፕ ደግሞ የፈረንሳዩ የመዋቢያ ኩባንያ የሎሬያል ነው። ዕቃው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ግን በዓመት ውስጥ ስሙን ብቻ ብለሽ የገዛሻቸውን ትናንሽ ነገሮች ደምሪያቸው፤ ድምሩ ከልብሽ የምትፈልጊውን አንድ ዕቃ ዋጋ ሊጠጋ ይችላል። እኔ ብሆን አንዱን እመርጣለሁ።

አንዱን ስትመርጪ ዋጋውን ለምትለብሺበት ቀን ብዛት አካፍዪው። ሁለት ጊዜ ተለብሶ ቁም ሣጥን የሚገባ ቀሚስ፣ ዋጋው እጥፍ ሆኖ 100 ጊዜ ከሚለበስ ኮት ይበልጥ ውድ ነው። ከዚያ ዕቃውን በእጅሽ ያዢው። የቦርሳውን ማንገቻ ከሥሩ እዪ፣ ክብደቱን የሚሸከመው እዚያ ነው፣ ስፌቱ ተደጋግሞ ካልተጠናከረ መጀመሪያ የሚላቀቀውም እዚያው ነው። የቆዳው ጠርዝ ላይ የተቀባው ቀለም ማጠፊያው ጋ ተሰነጣጥቆ እንደሆነ ተመልከቺ። ዚፑን ሙሉ በሙሉ ክፈቺና ዝጊ፣ ማዕዘኑ ላይ መያዝ የለበትም። ገበሩን ጎትተሽ እዪው። ልብስ ከሆነ ገልብጪው፤ ስፌቱ ውስጥ የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ ካለ ሰውነትሽ ቢለወጥም ይሰፋልሻል። እነዚህን የማያልፍ ዕቃ የማንም ስም ቢኖረው አይጠቅምሽም።

"ኢንቨስትመንት ነው" የሚሉሽን አትስሚ። የፈረንሳዩ ፋሽን ቤት ሄርሜስ እ.ኤ.አ. በ1984 የጀመረው በርኪን ቦርሳና እሱን የመሰሉ ጥቂት ዕቃዎች ሲሸጡ ዋጋቸውን ይይዛሉ፣ አንዳንዴም ይጨምራሉ። አብዛኛው ዲዛይነር ልብስና ጫማ ግን ከሱቅ በወጣበት ቀን ዋጋው ይወርዳል። ልትለብሺው ከሆነ ወጪ ብለሽ መዝግቢው፣ ሂሳቡ የሚስተካከለው እንደዚያ ነው።

አከፋፈሉም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ድራዘን ፕሬሌክና ደንካን ሲሜስተር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ሙከራ፣ ለአንድ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ትኬት በክሬዲት ካርድ ክፈሉ የተባሉት ሰዎች ያቀረቡት ዋጋ በጥሬ ገንዘብ ክፈሉ ከተባሉት እጥፍ ገደማ ነበር። ስለዚህ ለብቻው የፋሽን ሂሳብ ክፈቺ፣ ከነፃ ገንዘብሽ የወሰንሽውን ያህል ደመወዝ በገባ ቀን ወደዚያ ይዙር፣ ዕቃውንም ከዚያ ብቻ ግዢ። ዋጋው እስኪሞላ መጠበቅ ግድ ይሆናል፣ ጥበቃው ራሱ ይመርጥልሻል። እስኪሞላ ድረስ ካስጠላሽ ገንዘቡ እጅሽ ላይ ነው። ከባል ወይም ከፍቅረኛ ጋር ገቢ የምትቀላቅዪ ከሆነም ሁለታችሁም ማንም የማይጠይቃችሁ የየራሳችሁ ድርሻ ይኑራችሁ፣ የገዙትን መደበቅ የሚመጣው ያ ሲጠፋ ነው።

ደመወዝ ሲጨምርልሽ ደግሞ አዲሱ ገንዘብ እጅሽን ሳይለምድ ግማሹን ወደ ቁጠባ አዙሪና ከዚያ በኋላ ሂሳቡን እንደገና ሥሪ። የገዛሽውን ዕቃ ደረሰኝና ትክክለኛ መሆኑን የሚያረጋግጠውን ካርድ ከነሣጥኑ አስቀምጪ፤ አንድ ቀን ለመሸጥ ብትፈልጊ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።