ድመት ከሳፋዋ ውጭ ስትሸና፣ ሶፋ ስትቧጭር፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ግቢ ውስጥ የምትኖር ድመት ሽንት ቤት አዘጋጁልኝ አትልም። አፈር ትጭራለች፣ ትሸፍናለች፣ አለቀ። ጥፍሯንም ዛፍ ላይ ትሞርዳለች። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ግን አፈሩም ዛፉም የለም። ሁለቱንም ማሟላት የባለቤቱ ሥራ ነው፤ በአፈሩ ፋንታ አሸዋ ያለበት የመጸዳጃ ሳፋ፣ በዛፉ ፋንታ መቧጨሪያ እንጨት። ያ ሳይሆን ሲቀር አልጋ ላይ ይሸናል፣ ሶፋው ይቧጨራል። ከዚያ «እልህ ተጋብታኝ ነው» ይባላል።

እልህ የሚባል ነገር የለም። መምታት፣ አፍንጫዋን ሽንቱ ላይ ማሸት፣ መጮህ፣ ሁሉም ከንቱ ነው። ድመቷ ቅጣቱን ከሽንቱ ጋር አታያይዘውም። የምትማረው እርስዎን መፍራት ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አልጋ ሥር ገብታ ትሸናለች፣ እርስዎም ሽታው እስኪጠራዎት አያውቁም።

ከሁሉም የከፋው ስህተት በሽታን ጠባይ ነው ብሎ ማለፍ ነው። ሳፋዋ ውስጥ ደጋግማ እየገባች የምታምጥ፣ ጠብታ ብቻ የምታወጣ፣ ስትሸና የምትጮህ ወይም ብልቷን አሁንም አሁንም የምትልስ ድመት ታማለች። በተለይ ወንድ ድመት ከሆነ ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ነው። የወንዱ የሽንት ቧንቧ ጠባብ ስለሆነ በቀላሉ ይደፈናል። ጨርሶ ከተደፈነ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊገድለው ይችላል። «ሆዱ ደርቆ ነው» ብሎ ዘይት ማጠጣት ጊዜ ማባከን ነው። ሰኞን አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ጋ ይውሰዱት።

ጤናዋ ደህና ከሆነ ሳፋውን ይዩት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው። ድመቷ ገብታ መዞር ካልቻለች ጠቧታል፤ ርዝመቱ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ መነሻ ካለው አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ከምግቧ አጠገብ ወይም ከሚንጫጫ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ጎን አይቀመጥ። ሁለት ድመት ካለ ሦስት ሳፋ ይመከራል። ለጠባብ ቤት ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንዷ በር ላይ ተኝታ ሌላዋን የምታሳልፍ እየመሰለዎት የምትከለክልበት ጊዜ አለ።

አሸዋ ከግንባታ ቦታ የሚያመጡ አሉ። የሰፈሩ ድመት ሁሉ ቀድሞ የተጸዳዳበት ስለሚሆን ንጹሕ አሸዋ መግዛት ይሻላል። ሰጋቱራም ይሠራል። አሜሪካኖችም ቢሆኑ ኤድዋርድ ሎው የሚባል ሰው በ1947 እ.ኤ.አ. የሸክላ ጠጠር መሸጥ እስኪጀምር ድረስ አሸዋና አመድ ነበር የሚጠቀሙት። ሽቶ ያለበትን ግን ይተዉት፤ ሽታው ደስ የሚለው እኛን ነው። ዓይነቱን መቀየር ከፈለጉ ከአሮጌው ጋር እየቀላቀሉ ቀስ በቀስ ያድርጉት።

ቆሻሻው በየቀኑ ይዛቅ። ነፍሰ ጡር ካለች ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራው። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው፣ ፅንስን ሊጎዳ የሚችል ጥገኛ ተሕዋስ ከድመት ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፣ ሰውን መያዝ የሚችለው ግን ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ነው።

የተሸናበትን ቦታ በበረኪና ማጽዳት ሌላው ስህተት ነው። በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ዴቶልም ለድመት መርዝ ነው፤ ወለሉን ረግጣ መዳፏን ስትልስ ወደ ሆዷ ይገባል። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ይምጠጡት፣ ከዚያ በአቼቶና በውኃ ይጥረጉት። ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ካገኙ ደግሞ የተሻለ ነው። ሽታው ከቀረ ያው ቦታ ትመለሳለች።

ወደ ሶፋው እንምጣ። «ድመት ብትመነኩስ አመሏን አትረሳም» የተባለው እውነት ነው። መቧጨሩን ማስቆም አይቻልም፣ ቦታውን ማስቀየር ግን ይቻላል። ስትቧጭር ያረጀው የጥፍሯ ቅርፊት ይወልቃል፣ ጀርባዋን ትዘረጋለች፣ ከመዳፏም ጠረኗን ትተዋለች። ሰው የሚሳሳተው አጭርና የሚወዛወዝ እንጨት ገዝቶ ጓዳ ጥግ ላይ ሲያቆም ነው። ጣውላ ላይ የቡና ጆንያ ይቸንክሩ ወይም የቃጫ ገመድ አጥብቀው ይጠምጥሙበት። ቁመቱ 80 ወይም 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ስትንጠለጠልበት ንቅንቅ አይበል። የሚቆመውም እሷ በጀመረችው የሶፋ ጥግ ፊት ለፊት ነው። ከለመደችው በኋላ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ያንቀሳቅሱት። ምንጣፍ የምትቧጭር ከሆነች ደግሞ ወለሉ ላይ ካርቶን ያንጥፉላት።

ጥፍር ማስነቀል የሚባለውን በጭራሽ እንዳያስቡት። የሚቆረጠው ጥፍር ብቻ አይደለም፣ የጣቷ የመጨረሻ አጥንት ጭምር ነው። እስራኤል በ2011 እ.ኤ.አ.፣ የኒው ዮርክ ግዛት ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ከልክለውታል። መዳፏን ያመማት ድመት አሸዋ መርገጥ ስለምትጠላ ሶፋውን አድናለሁ ያለ ሰው አልጋው ላይ ሊሸናበት ይችላል።

የሾለውን ነጩን ጫፍ ብቻ በጥፍር መቁረጫ መቀነስ ይበቃል። ሮዝ የሚመስለው ክፍል ደም ሥር አለበት፣ እሱን አይንኩ። ሁሉንም በአንዴ ካልጨረስኩ ብለው አይታገሏት። ዛሬ ሁለት ጥፍር፣ ነገ ሁለት፤ ያውም ስታንቀላፋ።