ክሮሙ ዳር ላይ ቀለም ሾልኮ ሲገኝ፦ ኩርባ ጌጦችን የመሸፈን ችግርና መፍትሄ

የድሮ መኪና አዲስ ቀለም ተቀብቶ ከሩቅ የማያምር የለም። ሰው ጠጋ ብሎ ጌጦቹን፣ ማለትም ክሮም (የሚያብረቀርቅ የብረት ልባጥ) የሆነውን የመብራቱን ቀለበትና የመስታወቱን ክፈፍ፣ እንዲሁም የመስታወቱን ዙሪያ ጎማ ዳር ሲያይ ነው ጉዱ የሚወጣው። ቀጥ ያለ ጌጥ ቀለም እንዳይነካው ማንም በቴፕ ይሸፍናል፤ ጣጣው ኩርባው ላይ ነው። ከታች ካሉት ችግሮች አብዛኞቹ ቀለም ከመረጨቱ በፊት፣ ቴፑ በሚለጠፍበት ሰዓት የተሠሩ ናቸው።

መጀመሪያ ግን፣ ጌጡ ይፈታል ወይ? የሚፈታ ከሆነ ይፈታ። የፎልክስ ቢትል የፊት መብራት ቀለበት ከታች በኩል ባለች አንዲት ብሎን ነው የሚያዘው። እሷን ለመፍታት ሰንፎ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዙሪያውን ቴፕ ሲያጠማዝዝ የቆየ ሰው አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ። ክሊፑ ዝጎ ሲነካ የሚሰበር፣ መለዋወጫው የማይገኝ ወይም መስታወቱ ካልወጣ የማይነሳ ጌጥ ከሆነ ግን ወደ ቴፑ እንሂድ።

ምልክት፦ ማታ ልክ የነበረው ቴፕ ጠዋት ከዳሩ ሸሽቷል

ሳያዩት ከረጩ ክሮሙ ላይ እንደ ጨረቃ ጠርዝ የቀጠነ የቀለም መስመር ይቀራል። ሁልጊዜም ኩርባው ላይ፣ ቀጥ ያለው ቦታ ላይ ግን ፈጽሞ የለም።

ምክንያቱ መጎተት ነው። ቴፕ ኩርባ ሲዞር የውጪው ጠርዙ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ያንን ልዩነት ለማካካስ ሰው ቴፑን ይወጥረዋል፤ የተወጠረ ቴፕ ደግሞ ወደ ነበረበት መመለስ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀስ እያለ ወደ ክቡ መሐል ይሰበሰባል። ሰፊው የወረቀት ቴፕ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ አይሸሽም፣ ይሸበሸባል። እያንዳንዱ ሽብሽብ ለቀለም የተከፈተ በር ነው።

መፍትሄው ሥራውን ለሁለት ቴፕ ማካፈል ነው። ዳሩን የሚይዘው ቀጭኑ የፕላስቲክ ቴፕ ነው፤ ለጠበበ ኩርባ 3 ሚሊሜትር፣ ለሰፋው 6 ሚሊሜትር። ጥቅሉን በአንድ እጅ ከክሮሙ አንድ ጣት ያህል ብቻ ራቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ የሌላው እጅ አመልካች ጣት ከኋላ እየተከተለ ይጫን። ጥቅሉ እንደ መሪ ይዙር እንጂ አይሳብ። ሦስት ወይም አራት ሳንቲሜትር በሄዳችሁ ቁጥር ቆም ብላችሁ እዩ፤ ከዳሩ ከወጣ እስከ ስህተቱ ድረስ አንስታችሁ መልሱት። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነሳ ግን ማጣበቂያው ደክሟልና ያንን ቁራጭ ጣሉት።

ከዚያ ሰፊው የወረቀት ቴፕ በቀጭኑ ላይ ግማሹን ያህል ተደርቦ ይለጠፋል። ዙሪያውን በአንድ ረጅም ቁራጭ ለመዞር አትሞክሩ። አጫጭር ቁራጮችን እንደ ክዳን ቆርቆሮ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረባችሁ ሂዱ። ቀጭኑ ዳሩን ስለያዘ ሰፊው ውብ መሆን የለበትም።

ሸፍናችሁ ካደራችሁ፣ ከመርጨታችሁ በፊት ዙሪያውን በጥፍር ዳግመኛ ጫኑት። እኔ አሁን በመጨረሻው ሰዓት ካልሆነ ቀጭኑን ቴፕ አልለጥፍም።

ምልክት፦ መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኗል

ቴፑ ሳይሸሽ ቀለም ከሥሩ ገብቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ክሮሙ ላይ የቀረ ፖሊሽ ወይም ሰም ነው። ባለቤቱ ለዓመታት ሲያብለጨልጨው የኖረ ጌጥ ላይ ቴፕ በደንብ አይዝም። በቅባት ማስወገጃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉና ሳይደርቅ በሌላ ንጹህ ጨርቅ አንሱት፤ በአንድ ጨርቅ ብቻ የሚጠርግ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ያዘዋውራል።

ሁለተኛው ምክንያት የመጀመሪያው ርጭት መብዛቱ ነው። እርጥብ ቀለም ዳሩ ላይ ተጠራቅሞ ቀዳዳ ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ስስ አድርጋችሁ ከቴፑ ወደ ቆርቆሮው አቅጣጫ እርጩ። ጣት ሲነካው የሚይዝ ግን ጣቱን ተከትሎ የማይመጣ ሲሆን ዳሩ ታሽጓልና ሙሉውን ቀጥሉ።

የገባው ከክሮም ላይ ሳይጠነክር በፕላስቲክ ቢላ ይነሳል። ቲነር የግድ ካስፈለገ ጣት ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ ጥቂት ብቻ፣ ከአዲሱ ቀለም ራቅ ተብሎ። በፕላስቲክ ላይ የተለበጠ ክሮም ወይም ጎማ ከሆነ ቲነር አይነካው።

ምልክት፦ በጌጡና በአዲሱ ቀለም መካከል የድሮው ቀለም ይታያል

የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው፤ ቴፑ ጌጡን አልፎ ቆርቆሮው ላይ ወጥቷል። ግማሽ ሚሊሜትር ይበቃል፣ በተለይ ነጭ የነበረ መኪና ጥቁር ሲሆን። ቴፑ ልክ ዳሩ ላይ ይቁም፤ የተረፈውን በፕላስቲክ ካርድ ጥግ ወደ ስንጥቁ አስገቡት። በምላጭ ለመቁረጥ አትሞክሩ፤ ክሮም ላይ የተጫረ መስመር አይመለስም።

የመስታወት ጎማ ከሆነ ቴፕ ብቻውን አይበቃም። የጎማውን ከንፈር በፕላስቲክ መሣሪያ ቀና አድርጋችሁ ከሥሩ 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ገመድ ዙሪያውን አስገቡ። ከንፈሩ ከቆርቆሮው ይነሳል፣ ቀለሙ ከሥሩ ይገባል። ገመዱ ሲወጣ ጎማው ተመልሶ መገናኛውን ይሸፍናል። የደረቀና የተሰነጠቀ ጎማ ግን ሲነሳ ይቀደዳል፤ እሱን ከመታገል አዲስ መግዛት ይሻላል።

ምልክት፦ ከወራት በኋላ ቀለሙ ጌጡ ዳር ላይ ይላጣል

የብርጭቆ ወረቀቱ እዚያ አልደረሰም። ሰው ክሮሙን እንዳይጭር ፈርቶ የመጨረሻዋን ጣት ያህል ቦታ ሳይፈገፍግ ይተዋል፤ ቀለሙም የሚይዘው አጥቶ ይነሳል። ለመፈግፈግ ብቻ የሚሆን ቴፕ ክሮሙ ላይ በሁለት ድርብ ለጥፉ፣ ግራጫውን መፈግፈጊያ (እንደ ዕቃ ማጠቢያ ሻካራ ጨርቅ ያለውን) በጣት ጫፍ ይዛችሁ የድሮውን ቀለም እስከ ዳሩ ድረስ አደብዝዙት። ከዚያ ያንን ቴፕ አንስታችሁ ጣሉ፣ አጽዱ፣ ለርጭቱ አዲስ ለጥፉ። ዳሩ የተጎዳና አቧራ የጠጣ ቴፕ ለርጭት አይሆንም።

ምልክት፦ ቴፑ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይቀደዳል

ዘግይታችኋል። ቀለሙ ቴፑንና ቆርቆሮውን አንድ አድርጎ ደርቋል። የመጨረሻው ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚረጨው ግልጽ ሽፋን) ተረጭቶ ዳሩ ገና ለስላሳ ሳለ ቀጭኑ ቴፕ መነሳት አለበት። ወደ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትሳቡት፤ ወደ ራሱ እጥፍ አድርጋችሁ፣ ከተቀባው ጎን እየራቃችሁ፣ ቀስ ብላችሁ። ከደረቀ በኋላ ከሆነ አካባቢውን በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ማድረግ ይረዳል።

ምልክት፦ ክሮሙ ላይ ማጣበቂያ ቀርቷል

ቴፑ ፀሐይ ላይ ቀናት ቆይቷል፣ ወይም ቀለሙ በ60 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲጋገር የተለጠፈው ሙቀት የማይችል ተራ የቤት ቴፕ ነበር። በቅባት ማስወገጃ ይለቃል፤ ጨርቁን ጥቂት ደቂቃ አስተኙበት እንጂ አትፈግፍጉት።

ጋዜጣ ለሽፋን የምትጠቀሙ ካላችሁ ደግሞ፦ ቀለም ያሳልፋል፣ አንዳንዴ የራሱን ጥቁር ክሮሙ ላይ ያትማል፣ ብናኙም እርጥቡ ክሊር ላይ ያርፋል።